ሮበርት ዋንጊላ፦ ለዳኞች ፍርድ ቦታ ያልተወው የናይሮቢ ቡጢኛ

በአውሮፓውያኑ 1988፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 1981 ዓ.ም. ሊገባደድ ሲል፣ የሴዑል ኦሊምፒክ የቡጢ ውድድር ተጠናቀቀ። የዓለም መነጋገሪያ የሆኑት ግን ቡጢኞቹ ሳይሆኑ ዳኞቹ ነበሩ። አሜሪካዊው ሮይ ጆንስ ደቡብ ኮሪያዊውን ፓርክ ሲ ሁንን በግልጽ በልጦት ሳለ፣ የወርቅ ሜዳሊያው ለአስተናጋጇ አገር ልጅ ተሰጠ። ውሳኔው እስከ ዛሬ ድረስ በስፖርቱ ታሪክ ከተሰጡት አሳፋሪ ፍርዶች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል።

በዚያው መድረክ ላይ አንድ የ21 ዓመት የናይሮቢ ወጣት ለዳኞቹ የሚፈርዱበት ነገር አላስቀረላቸውም። ሮበርት ናፑንዪ ዋንጊላ በዌልተር ሚዛን ፍጻሜ ፈረንሳዊውን ሎራን ቡዱዋኒን በሁለተኛው ዙር በዝረራ ጣለው። ነጥብ መደመር አላስፈለገም።

በዚያ ድል ዋንጊላ በኦሊምፒክ ቡጢ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ከእርሱ በፊት ከአህጉሩ ወርቅ የወሰዱት ነጭ ደቡብ አፍሪካውያን ብቻ ነበሩ። ኬንያ ከዚያ ወዲህ በርካታ የኦሊምፒክ ወርቆችን ሰብስባለች፤ ሁሉም ግን የተገኙት በአትሌቲክስ ነው። ከሩጫውና ከውርወራው ሜዳ ውጪ የተገኘው ብቸኛው የኬንያ ወርቅ ዛሬም የዋንጊላ ነው።

እንዲያም ሆኖ፣ ይህ ሰው በእርግጥ ምን ያህል ታላቅ ቡጢኛ ነበር የሚለው ጥያቄ ከሞተ ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላም አልተዘጋም። ከሴዑል በኋላ የነበረው ሕይወቱ አጭርና ያልተሳካ ነበርና፣ ወርቁን ከችሎታው ይልቅ ለዕድሉ የሚሰጡ አልጠፉም።

ዋንጊላ የተወለደው ጳጉሜን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በአውሮፓውያኑ መስከረም 3 ቀን 1967 ናይሮቢ ውስጥ ነው። ቡጢን የጀመረው ከከተማዋ መሃል በስተምሥራቅ በሚገኘው በሙቱርዋ፣ ዳላስ እየተባለ በሚጠራው የቡጢ አዳራሽ ነበር። ሙቱርዋ የባቡር ሠራተኞች መኖሪያ ሆኖ የተቆረቆረ ሰፈር ነው። በዚያን ዘመን በምሥራቅ ናይሮቢ ለሚያድግ ልጅ ቡጢ ከጨዋታ በላይ ነበር፤ ጥሩ የሚማታ ወጣት በፖሊስ፣ በጦር ኃይሎች፣ በማረሚያ ቤቶች ወይም በምድር ባቡር ቡድን ውስጥ የመቀጠር ተስፋ ነበረው።

የኬንያ ብሔራዊ የቡጢ ቡድን፣ በቅጽል ስሙ ሂት ስኳድ፣ ያን ጊዜ በአፍሪካ የሚፈራ ነበር። ፊሊፕ ዋሩይንጌ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ነሐስ፣ በ1972 ሙኒክ ላይ ብር አምጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ኬንያ በ1976 ከሞንትሪያል፣ በ1980 ደግሞ ከሞስኮ ቀረች፤ አንድ ትውልድ በፖለቲካ ምክንያት ዕድሉን ሳይሞክር አረጀ።

የዋንጊላ ትውልድ የተሻለ ዕድል ገጠመው። በ1987 ናይሮቢ የመላው አፍሪካ ጨዋታዎችን ስታስተናግድ የኬንያ ቡጢኞች አብዛኛውን ወርቅ ጠራርገው ወሰዱ፤ ዋንጊላም ከአሸናፊዎቹ አንዱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሴዑል ሲገባ ለአህጉሩ አዲስ ሰው አልነበረም፤ ለዓለም ግን ነበር።

ተቺዎቹ የሚያነሡት መከራከሪያ ከባድ ነው፤ በዋዛ የሚታለፍም አይደለም። ኩባ ሴዑል ላይ አልተገኘችም። ከሰሜን ኮሪያ ጎን በመቆም ጨዋታዎቹን ከረገጡት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ሌላዋ ኢትዮጵያ ናት። ለኢትዮጵያ ይህ የሯጮች ትውልድ መሥዋዕት መሆን ነበር፤ ለቡጢው ዓለም ደግሞ የኩባ መቅረት የሚዛኑን አንድ ወገን አጎደለው። ኩባውያን በ1980 ሞስኮ ላይ ስድስት፣ በ1992 ባርሴሎና ላይ ሰባት የቡጢ ወርቆችን መውሰዳቸው የሴዑሉን ክፍተት ስፋት ያሳያል።

ሁለተኛው ነጥብ ግማሽ ፍጻሜው ነው። የፖላንዱ ያን ዲዳክ መጋጠም ባለመቻሉ ዋንጊላ ያለ ፍልሚያ አለፈ። ተጋጣሚው ቡዱዋኒ ግን ለፍጻሜ የደረሰው የ1986ቱን የዓለም ሻምፒዮን አሜሪካዊውን ኬኔት ጉልድን አሸንፎ ነው። አንዱ አርፎ፣ ሌላው ደክሞ ተገናኙ ማለት ይቻላል።

ሆኖም የተኛ እጅ ሰው አይዘርርም። ድካም አንድን ቡጢኛ ቀርፋፋ ሊያደርገው፣ ነጥብም ሊያስጥለው ይችላል፤ የራስ መከላከያ ያደረገን የፍጻሜ ተፋላሚ በሁለተኛው ዙር መሬት ላይ መጣል ግን የተጣለው ሰው ድካም ብቻ አያስረዳውም። የኩባውን መቅረት በተመለከተም፣ ያልመጣን ተጋጣሚ ማሸነፍ አይቻልም። የዚያ ዓመት የሴዑል ሜዳሊያ ያለ ኩባ በመገኘቱ ይቀላል ከተባለ፣ ኋላ የዓለም የከባድ ሚዛን ነገሥታት የሆኑት የሌኖክስ ሉዊስ ወርቅና የሪዲክ ቦው ብርም አብረው ሊቀሉ ነው። ያን ደፍሮ የሚል ብዙ ሰው የለም።

ዋንጊላን በእርግጥ የጎዳው ከሴዑል በኋላ የመጣው ነው። በ1989 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ፕሮፌሽናል ሆነ። የአማተሩ ውድድር ሦስት ዙር ነበር፤ ኃይሉን ቆጥቦ መጓዝ የማያውቅ፣ ከመጀመሪያው ደወል ጀምሮ ለመጨረስ የሚማታ ሰው ይመቸዋል። ፕሮፌሽናሉ ግን የራስ መከላከያ የለውም፤ ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዙር ይሄዳል። እዚያ የሚያሸንፈው ብዙውን ጊዜ መምታት የሚችለው ሳይሆን አለመመታትን የተማረው ነው።

ዋንጊላ ይህን ሁለተኛውን ትምህርት በበቂ ሁኔታ አልተማረም። በ27 ፍልሚያዎች 22 ጊዜ አሸነፈ፤ ከእነዚህም 16ቱ በዝረራ ነበሩ። ቁጥሩ ለማንም ቡጢኛ የሚያሳፍር አይደለም። የተሸነፈባቸው ግን የዓለም ሻምፒዮኖች አልነበሩም። ከእነርሱ አንዱ ከከተማ ከተማ እየዞረ ያለ ዕረፍት በመጋጠም የሚታወቀው የኦክላሆማው ባክ ስሚዝ ነው። ለኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት እንዲህ ዓይነቱ ሽንፈት ከነጥብ በላይ ያስከፍላል፤ የዓለም ዋንጫ ፍልሚያ የሚያዘጋጁ ሰዎች ስሙን ከዝርዝራቸው ያወርዱታል፣ የሚከፈለው ገንዘብም ይቀንሳል። ዋንጊላ የዓለም ዋንጫ ሳይፎካከር 26 ዓመት ሞላው።

ሐምሌ 15 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 22 ቀን 1994፣ ላስ ቬጋስ ላይ ከዴቪድ ጎንዛሌስ ጋር ተጋጠመ። በዘጠነኛው ዙር የመሃል ዳኛው ጆ ኮርቴዝ ፍልሚያውን አስቆመ። ዋንጊላ በእግሩ ቆሞ ነበርና ተቃወመ፤ ተመልካቹም በዳኛው ላይ ጮኸ። ፍልሚያው ገና እንደሆነ ያመነ ቡጢኛ የሚያደርገው ሁሉ ይህን ነው።

ወደ መልበሻ ክፍሉ ከገባ በኋላ ራሱን ሳተ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 17፣ ሕይወቱ አለፈ።

ሐኪሞች ስለዚህ ዓይነቱ ጉዳት የሚያስረዱት አሠራር የዋንጊላን የመጨረሻ ተቃውሞ በሌላ ዓይን እንድናየው ያደርጋል። ተደጋጋሚ ምት አንጎልን ከራስ ቅል ውስጥ ሲያናውጠው፣ በአንጎልና በሽፋኑ መካከል የተዘረጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ። ደሙ ቀስ እያለ ይጠራቀማል። ተጎጂው ለጥቂት ጊዜ ይናገራል፣ ይራመዳል፣ ይከራከራል፤ ከዚያ ድንገት ይወድቃል። ስለዚህ በእግሩ የቆመ ቡጢኛ ደህና ነኝ ማለቱ ምስክርነት አይሆንም። በዚያ ምሽት የተጮኸበት ኮርቴዝ ትክክል ነበር፤ ምናልባትም ዘግይቶ ነበር።

አስከሬኑ ወደ ኬንያ ከተመለሰ በኋላ እንኳ ሰላም አላገኘም። ዋንጊላ እስልምናን ተቀብሎ ነበር በሚሉና ይህን በማይቀበሉ ወገኖች መካከል በየትኛው ሥርዓት ይቀበር የሚል ክርክር ተነሣ። ናይሮቢ ከሰባት ዓመት በፊት በጠበቃው ኤስ ኤም ኦቲዬኖ ቀብር ላይ ባለቤቱና ጎሣው ወራት የፈጀ ሙግት ሲያደርጉ ያየች ከተማ ናት፤ የሟች አካል የማን ነው የሚለው ጥያቄ ለነዋሪዎቿ እንግዳ አልነበረም።

የዋንጊላ ችሎታ ምን ያህል ነበር ለሚለው ጥያቄ ደግሞ የተሻለው መልስ የመጣው እርሱ ከተቀበረ በኋላ፣ ከራሱ ሳይሆን ከተጋጣሚው ነው። ሴዑል ላይ በሁለተኛው ዙር የተዘረረው ሎራን ቡዱዋኒ ወደ ፕሮፌሽናል ቡጢ ገብቶ ነበር። በ1996፣ ዋንጊላ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ አርጀንቲናዊውን ሁሊዮ ሴሳር ቫስኬዝን በዝረራ አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ቀበቶውንም እስከ 1999 ድረስ አላስነካም።