ከእንጦጦ የተነሡት የመጻሕፍት ሰው

ጠዋት ወደ ክፍል ስንገባ ከየካ በላይ ያለውን የእንጦጦን ሰንሰለት እናያለን። እንጦጦ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ባሕር ዛፉና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ናቸው። ታዲያ እዚያ ላይ ካለው ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አንድ የመርሐ ቤቴ ልጅ ተነሥቶ የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? የዛሬው ጽሑፌ ስለ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ናቸው።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር። በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው እንጦጦ ደረሱ፤ በራጉኤልም ተምረው በጸሐፊነት አገለገሉ። የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ገብተው አልተማሩም። ወደ ቤተ መንግሥት ያደረሳቸው ንባብና ብዕር ነው።

በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ ከኢትዮጵያ መልእክተኞች ጋር ለንደን ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሹመቱ ተከታተለ። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን መሩ፤ በ1916 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞሩ፤ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

ሹመትማ ብዙ ሰው ተሹሟል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በ1904 ዓ.ም. በአገራችን በግዕዝና በአማርኛ ተጽፈው የሚገኙትን መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ። ዘመኑን አስቡት! «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ ሲጀመር እንደዚህ እንደ ግድግዳ ጋዜጣችን በእጅ እየተጻፈ ለጥቂት ሰዎች ብቻ ነበር የሚታደለው። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ የወጣው ገና በ1917 ዓ.ም. ነው። የብራና መጻሕፍት በየገዳሙና በየደብሩ ተበትነው ሳለ፣ ሰውየው ቁጭ ብለው ምን እንዳለን መዘገቡ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ዝርዝሩን አስፍተው እንደገና አወጡት።

በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ» የተባለውን ታሪክና የታወቁ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ የያዘ መጽሐፍ አሳተሙ። ይህን ሁለተኛውን ያዘጋጁት በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ብለው ነው። እነዚያ ልጆች እንግዲህ እኛ ነን። ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤትም አቋቋሙ።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው፣ ባለሥልጣን የጻፈው ነገር ምን ያህል ይታመናል ብሎ ሞገተኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ኅሩይ የዙፋኑ ሰው ነበሩ። በዚያው ዘመን እንደነበሩት እንደ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የመንግሥትን አስተዳደር ፊት ለፊት አልሞገቱም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን የተመቸ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም አላሉም። በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» አወቀ የተባለ የተጉለት ልጅ ፓሪስ ተምሮ ይመለሳል፤ ከዘመዶቹ ጋር በተዝካርና በሠርግ ልማድ ይጋጫል። ያለውን ሁሉ ለድግስ አውጥቶ ባዶ እጁን ስለሚቀር ሰው የተነሣው ክርክር ዛሬም በየቤታችን አለ። በፊት ለፊት ቢናገሩት ኖሮ ከካህናቱም ከዘመድም ጠብ የሚያስነሣውን ነገር በልብ ወለድ አነበቡት።

በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎበኙ፤ የራሷን ይዛ የሌላውን የተማረች አገር ናት ብለው አደነቋት፤ ስለ እርሷም መጽሐፍ ጻፉ። ፖለቲካ ግን እንደ መጽሐፍ አይደለም። ጣሊያን ሲወረን ጃፓን አልደረሰችልንም፤ እንዲያውም ወረራውን አወቀች። በ1928 ዓ.ም. ኅሩይ ከንጉሡ ጋር ተሰደዱ። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በፋሺስቶች እጅ ተገደለ። እሳቸውም መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ፣ አገራቸው ነጻ ስትወጣ ሳያዩ አረፉ። ዐፅማቸው ወደ አገሩ የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ነው።

ሚኒስትርነቱ በአንድ የጦርነት ዓመት አለቀ። የመጻሕፍቱ ዝርዝር ግን ይኸው አለ፤ ተመራማሪም ተማሪም ይጠቀምበታል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ ነገ በየወረዳው ስንመደብ መዝገብ ቤቱ አቧራ የጠጣ፣ መጻሕፍቱ በጆንያ የታሰሩ ትምህርት ቤት ይገጥመን ይሆናል። ያን ጊዜ በጀት እስኪመጣ ከመጠበቅ በፊት ደብተርና ብዕር ይዘን ያለውን እንቁጠር። በሰፈሩ ያሉትን አዋቂ አረጋውያንም ታሪክ ሳያልፉ እንጻፈው። የራጉኤሉ ተማሪ የጀመሩት ከዚህ ነበር።