ከቆጠራ ቢሮ እስከ አይቢኤም፦ የሆለሪዝ ሁለተኛ ደንበኛ

ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ባቡር ወደ ዋሽንግተን ወርዳችሁ ጥቂት በእግር ከሄዳችሁ ጆርጅታውን ትደርሳላችሁ። እዚያ ቦዩ አጠገብ፣ 31ኛው ጎዳና ላይ፣ ብዙዎቻችን ሳናየው የምናልፈው የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። ዛሬ እንጀራችን የሆነው የዳታ ሥራ ለገበያ ከበቃባቸው ቤቶች አንዱ እሱ ነው። የኩባንያው መሥራች ኸርማን ሆለሪዝ ይባላል።

ሆለሪዝ በ1860 (የእሱ ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ቡፋሎ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ከጀርመን ስደተኞች ተወለደ። እንደ ልጆቻችን የስደተኛ ልጅ ነው ማለት ነው። በ19 ዓመቱ ከኮሎምቢያ በማዕድን ምህንድስና ተመርቆ በ1880ው የሕዝብ ቆጠራ ተቀጠረ። ያኔ ጸሐፊዎች ወረቀት ላይ ጭረት እየጫሩ ይደምሩ ስለነበር ሥራው ሰባት ዓመት ገደማ ፈጀ። እዚያው ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ጆን ሾው ቢሊንግስ ይህን ማሽን ቢሠራው የሚል ሐሳብ ጣል አደረጉለት። እሱም ሥራዬ ብሎ ያዘው።

ኤምአይቲ ጥቂት ጊዜ አስተምሮ ተመለሰና ዋሽንግተን የፓተንት ቢሮ ገባ። የፈጠራ መብት እንዴት እንደሚጠበቅ በደንብ ያወቀው እዚያ ነው። በ1884 የመጀመሪያ ማመልከቻውን ሲያስገባ መረጃውን የሚያስቀምጠው በተበሳ ረጅም የወረቀት ጥቅልል ላይ ነበር። ችግሩን የኛ ሙያ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሰው ለማግኘት ጥቅልሉን በሙሉ ማሄድ ግድ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰው አንድ ካርድ አደረገ። ባቡር ላይ ተቆጣጣሪው የመንገደኛውን መልክ ቲኬቱን እየበሳ ሲመዘግብ ማየቱም ረድቶታል። ቀዳዳ ባለበት ሽቦው አልፎ ሜርኩሪ ይነካል፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይገናኛል፣ ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለ1890ው ቆጠራ ሦስት ዘዴዎች ሲወዳደሩ የሱ ማሽን ድምሩን በ5 ሰዓት ተኩል ጨረሰ። ሌሎቹ 44 እና 55 ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። የአሜሪካ ሕዝብ 62.6 ሚሊዮን መሆኑም ብዙ ሳይቆይ ታወቀ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው። ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ነው የሚመጣው፤ እስከዚያስ ምን ይበላል? ሆለሪዝ ሁለተኛ ደንበኛ ፍለጋ ሄደና የኒው ዮርክ ሴንትራል ባቡር ኩባንያን አገኘ። ባቡሩ ደግሞ ጭነትና ገንዘብ መደመር ነው የሚፈልገው፤ መቁጠር ብቻ አይበቃውም። ማሽኑን እንደገና ሠራው። በ1896 ኩባንያ አቋቋመ፤ ማሽኑን ከመሸጥ ይልቅ እያከራየ ገቢው በየወሩ እንዲመጣ አደረገ። ዛሬ ደመወዛችንን የሚከፍለው የኪራይ ሶፍትዌርም መንገዱ ይኸው ነው።

እንከን ግን ነበረበት። በዋጋ ላይ ግትር ሆነ። በ1905 ከቆጠራ ቢሮው ጋር ተጣላ፤ ቢሮውም የራሱን ማሽን ማሠራት ጀመረ። ያንን ሥራ የያዘው ጄምስ ፓወርስ ኋላ ተፎካካሪው ሆነ። በ1911 ሆለሪዝ ኩባንያውን ሸጠ፤ ከሌሎች ጋር ተዋህዶ በ1924 አይቢኤም ተባለ። እሱ በ1929 ዋሽንግተን ውስጥ አረፈ፤ መቃብሩም እዚያው ጆርጅታውን ነው።

ይህን ታሪክ ሳነብ ያፈርኩበት ነገር አለ። ከጓደኞቼ ጋር ለአንድ የሀገር ቤት መሥሪያ ቤት የመረጃ ማከማቻ ሠርተን ነበር። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራውም አብሮ አለቀ። ዓመታት ጥፋቱን በቢሮው ላይ ስንለጥፍ ቆየን፤ እውነቱ ግን የሌላ ሰው በር አላንኳኳንም። ሁለተኛ ደንበኛ የሌለው ምርምር የመመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል።

ኢትዮጵያ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተራዝሟል። አንድ ቀን መካሄዱ አይቀርም። እዚህ ያለን ባለሙያዎች ለዚያ ቀን አንድ ነገር ማዘጋጀት እንችላለን። ስናዘጋጅ ግን በማግስቱ ባንኩ፣ ሆስፒታሉ፣ የእህል ነጋዴው ምን ያደርግበታል ብለን እንጀምር። ዋጋችንንም የመጀመሪያው ደንበኛ ጥሎን እስኪሄድ ድረስ አንስቀለው።