የመቅደላው ሕፃን፦ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

በ1860 ዓ.ም. በወርኃ ሚያዝያ መቅደላን ድል አድርጎ የተመለሰው የእንግሊዝ ጦር በሽሎን ተሻግሮ፣ ደላንታንና ዋድላን አልፎ፣ በላስታ ደጋ ላይ የተከዜን ምንጮች እየተሻገረ ወደ ቀይ ባሕር ሲወርድ፣ ይዞት የሄደው መድፉንና ስንቁን ብቻ አልነበረም። ከአምባው የተዘረፈው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስጭኖ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ለመኮንኖቹ ተሸጧል። ከዕቃው ጋር ደግሞ ሰው ነበረ። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት እቴጌ ጥሩወርቅና የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ አብረው ተጓዙ፤ እቴጌይቱም ባሕሩን ሳያዩ በመንገድ ላይ ዐረፉ። በዚያው ጉዞ ውስጥ ዝናም ሆነ ማዕርግ የሌለው፣ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበረ። ይህ ሕፃን ከሠላሳ ዓመት በኋላ በዘመናዊ ሕክምና ሠልጥኖ ወደ አገሩ የተመለሰው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው።

ወርቅነህ የተወለደው በ1858 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ሲሆን፣ አባቱ ነጋድራስ እሸቴ ይባሉ ነበር። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ከተማይቱ ባዶዋን ቀረች፤ ከቤተሰቦቿም ብዙዎቹ ከንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ጋር ወደ ደብረ ታቦር፣ ኋላም ወደ መቅደላ ተነዱ። እንግዲህ ሕፃኑ የአምባው ተወላጅ አልነበረም። የእንግሊዝ ጦር ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር ማለት ነው። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው፣ የመቅደላ ታሪክ በሁለት ነገሥታት መካከል የተደረገ ክርክር ተደርጎ ብቻ ሲነገር የኖረ በመሆኑ፣ በመካከሉ የተንገላታው ሕዝብ ከትረካው ስለሚወጣ ነው።

ላስታም ከዚህ መከራ ውጭ አልነበረም። ዋግሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ተሰቅለው ሞተዋል። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ሸፍተው ዋግንና ላስታን በእጃቸው አግብተው ስለነበረ፣ የእንግሊዝ ጦር በአሸንጌና በሙጃ በኩል በዚያ አገር ሲያልፍ የተኮሰበት የለም። ገበሬው ገብሱንና ድርቆሹን በማርያ ቴሬዛ ብር ሸጠለት። ለላስታ ሰው ይህ ጦር የአባቱን ገዳይ ለመውጋት የሚያልፍ መንገደኛ እንጂ ወራሪ አልመሰለውም፤ ለዚህም ሊፈረድበት አይገባም።

በስቅለት ዕለት ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፤ በፋሲካ ማግስት ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ሞቱ። በአምባውና በሥሩ የነበረው፣ ወደ 30,000 የሚገመት ሕዝብ መሣሪያውን አስረክቦ እንዲወርድ ታዘዘ። ሚያዝያ 10 ቀን መቅደላ በእሳት ጋየ። ያ ሁሉ ሴት፣ ሽማግሌና ሕፃን ከእነከብቱ በሸለቆው ሲፈስ በመንገድ የሚጠብቀው ዘራፊ ነበር፤ ለጥቂት መንገድ ካጀበው በኋላ ጦሩ የራሱን ጉዞ ቀጠለ። ቁስለኛ ወታደርን የሚመለከተው የጄኔቫ ስምምነት በነሐሴ 1856 ዓ.ም. ከተፈረመ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ሲቪሉን ሕዝብ የሚመለከተው ስምምነት እስከ ነሐሴ 1941 ዓ.ም. ድረስ አልመጣም። ስለዚህ ከእናቱ የተነጠለን ሕፃን ስም መዝግቦ ዘመዱን የሚያፈላልግ በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ላሊበላ ደርሶ የሰሜን ወሎ ሕዝብ በደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በተጠለለ ጊዜ የተለመደ የሆነው የቤተሰብ ፍለጋ ሥራ፣ በ1860 ዓ.ም. ማንም ያላሰበው ነገር ነበር።

ሕፃኑን ያነሣው ቻምበርሌይን የተባለ የእንግሊዝ ኮሎኔል ነው። ሰውየው ርኅራኄ እንደ ነበረው አይጠረጠርም፤ ሕፃኑ በዚያ በረሃብና በዘረፋ መንገድ ቢቀር ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። የሆነ ሆኖ ይህ ርኅራኄ ዘመድ አልጠየቀም። የሕፃኑ አያት በሕይወት እንደ ነበሩ በኋላ ተረጋግጧል። ልጁ በላስታ ደጋ ላይ ወደ ሰሜን በተጓዘ ቁጥር ስሙም፣ ቋንቋውም፣ ወገኑም ከኋላው እየቀሩ ሄዱ። ይህ ድርጊት ማዳን ነው ወይስ ምርኮ የሚለው ጥያቄ ሁለቱንም መልስ በአንድነት የሚቀበል ይመስላል፤ የሐኪም ወርቅነህም ሕይወት በሙሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኮሎኔሉ ልጁን ወደ ሕንድ አገር ወሰደው። ብዙ ሳይቆይ ቻምበርሌይን ስለ ሞተ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ፤ ከሁለቱ ስምም ቻርልስ ማርቲን የሚለው መጠሪያ ወጣለት። በሚስዮን ትምህርት ቤት አድጎ በ1874 ዓ.ም. ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ፤ ኋላም በስኮትላንድ ኤዲንበርግ ተጨማሪ ማዕርግ አገኘ። ከዚያም በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነ። ሥራው የተመቸ፣ ደመወዙም የተከበረ ነበር።

የዐድዋ ጦርነት ወሬ በርማ ድረስ ሲሰማ ግን ሐኪሙ የተወለዱበትን አገር ለመርዳት ተነሡ። ያሰቡት ወዲያው ባይሳካላቸውም በ1891 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በከተማይቱ ድንኳን ተክለው ለመጣው በሽተኛ ሁሉ ያለ ዋጋ መድኃኒት ይሰጡ ጀመር። በሽተኛው ሐኪሙን ሲያይ መልኩ የአገሩ ሰው ነው፤ ሲያናግረው ግን አይሰማም። ኢትዮጵያዊው ሐኪም የኢትዮጵያዊውን ሕመም የሚጠይቁት በአስተርጓሚ ነበር። ሙያው የሚጀምረው በሽተኛውን በመጠየቅ ነውና፣ የዚህን ነገር ክብደት ከሐኪም በተሻለ የሚረዳው የለም።

ወሬው እየሰፋ ሄዶ አያታቸው ጆሮ ደረሰ። አረጋዊቷ ሴት መጥተው የልጅ ልጃቸውን በሰውነቱ ላይ በነበሩት የሕፃንነት ጠባሳዎች እንደለዩት ይነገራል። ወርቅነህ የሚለውን ስማቸውንም ያገኙት በዚያን ጊዜ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰነድ ያላደረገውን ጠባሳ አደረገው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ በአገልግሎት መመላለስ ያለፈ ነው። ወደ በርማ ተመልሰው ሠሩ፤ እንደገና መጥተው ዐፄ ምኒልክን በሕመማቸው ጊዜ አከሙ፤ ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ፤ በመጨረሻም ጠቅልለው ገቡ። ሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊው እርሳቸው ሆኑ።

የሙያ ባልደረቦች እምብዛም የማያስታውሱት ግን የባሪያን ነፃነት በሚመለከት የሠሩትን ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆና በዚያው ዓመት የባሪያ ነፃነት አዋጅ ስታወጣ፣ ሐኪም ወርቅነህ ነፃ ለወጡት ልጆች በተከፈተው ትምህርት ቤት ሥራ ላይ ተሰለፉ። አዋጅ ሰንሰለትን ይፈታል፤ መንደርን ግን አይመልስም። ነፃ የወጣው ልጅ መሬት የለው፣ ዘመድ የለው፣ ብዙ ጊዜም ከየት እንደ መጣ አያውቅም። ከእርሳቸው በፊት በዚህ ጉዳይ የተናገሩ መኳንንት ሁሉ ነገሩን የሚያውቁት ከውጭ ነበር። እርሳቸው ግን ከዚያ ልጅ ጋር አንድ ዓይነት መንገድ ሄደዋል፤ የእርሳቸው ዕድል በላሆር ማብቃቱ እንጂ። በ1920ዎቹ መጀመሪያም የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ በአሰበ ተፈሪ ተቀምጠውም መንገድ በማስጠረግ፣ ግብሩን ሥርዓት በማስያዝና የጉልበት ግዳጁን በማቃለል አውራጃውን ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን አድርገዋል። አንዳንዱ ባላባት አልወደደላቸውም፤ ይህም የሚጠበቅ ነው።

ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ሐኪም ወርቅነህ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ያን ጊዜ ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል። ኅዳር 26 ቀን ደሴ በአውሮፕላን ተደብድባ የሕክምና ድንኳኖች ሳይቀሩ ተመቱ። በማይጨው ከደረሰው ሽንፈት በኋላም ንጉሠ ነገሥቱ በላስታ በኩል ሲመለሱ ላሊበላ ገብተው ጸልየዋል፤ ሐኪሙ በልጅነታቸው ያለፉበት ደጋ ዳግመኛ የስደት መንገድ ሆነ። እርሳቸው በሎንዶን ሆነው ለቁስለኛው መድኃኒት፣ ለቀይ መስቀልም ገንዘብ ከእንግሊዝ ሕዝብ ይለምኑ ነበር። ያሳደጋቸውን አገር ቋንቋና ወግ ከማንም ይልቅ ስለሚያውቁ የሚያዳምጣቸው ብዙ ነበር፤ መንግሥቱ ግን አልሰማም። አዲስ አበባ በተያዘች ጊዜ ኢትዮጵያውያን ወደ ጂቡቲ፣ ወደ ሱዳን፣ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ኬንያ ተሰደዱ፤ በኬንያ ያሉት በኢሲዮሎና በታቬታ ሠፈር ዓመታት አሳለፉ። ስለ ስደተኛ ሲለምኑ የቆዩት አረጋዊም መንግሥት የሌለው መልእክተኛ፣ ደመወዝ የሌለው ጡረተኛ ሆኑ፤ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሕንድ ተመለሱ። በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንን እጅ የሄዱበትን አገር በሽምግልናቸው በስደተኛነት አዩት።

ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝ አገር የምሕንድስና ትምህርት የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ብንያም አገራቸው ስትወረር ተመልሰው ነበር። ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ሆነው ከልዑል ራስ እምሩ ጎን ታገሉ፤ ከተያዙም በኋላ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ በተከተለው ፍጅት ተረሸኑ። አባት የሌሎችን ልጆች ለማትረፍ ሲለምኑ የራሳቸውን ሁለቱን አጡ። ስለዚህ ኀዘን በአደባባይ እንደ ነገሩ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ዕድሜያቸው ስለገፋ ወደ ትልቅ ሹመት አልተመለሱም። በመስከረም 1945 ዓ.ም. በሰማንያ ሰባት ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። ለብዙ ዓመታት የጻፉት የዕለት ማስታወሻ ከእርሳቸው በኋላ ቀርቷል፤ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው።