ኦነሲሞስ ነሲብና የፊደል ሰንጠረዥ

ከሞጆ ተነሥቶ ወደ አዳማ፣ ወይም በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው በየመሥሪያ ቤቱና በየሱቁ በር ላይ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ጎን ለጎን ቆመው ይመለከታል። አንደኛው ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል የተጻፈ አፋን ኦሮሞ ሲሆን ሁለተኛው በኢትዮጵያ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። በእነዚህ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለመዝገብ ቤት፣ ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል ፕሮግራም የሚያዘጋጅ መሐንዲስም ሁለቱን ጽሕፈቶች በአንድ መሣሪያ ውስጥ ማስተናገድ ይገደዳል። በዚህ ሥራ ላይ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ የትኛው ምልክት ፊደል ነው፣ የትኛውስ አይደለም የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ግን ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት አፋን ኦሮሞን በኢትዮጵያ ፊደል ለማስፈር ዕድሜያቸውን የሰጡት ኦነሲሞስ ነሲብ ከዚሁ ጥያቄ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦነሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲሆን ትርጓሜውም የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። አባታቸው አዋጂ የሞቱት ልጁ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳሉ ነበር። በኋላም ሂካ ከእናታቸው ተነጥቀው ለባርነት ተሸጡ። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተላለፉ ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ ከደረሱ በኋላ በ1870 ምፅዋ ላይ የነበረው ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣቸውና ከምፅዋ አጠገብ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገባቸው። በ1872 የትንሣኤ በዓል ዕለት ሲጠመቁ ኦነሲሞስ ተባሉ። ስሙ በሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት ከሚታወቀው አገልጋይ የተወሰደ ነው።

በ1876 ወደ ስዊድን ተልከው በዮሃነሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ሲመለሱ ምሕረት ኃይሉ የተባሉትን ሴት አግብተው ወደ ትውልድ አገራቸው ለመግባት ተነሡ። በመጀመሪያ በሱዳን በኩል ሞክረው እስከ አሶሳ ግድም ከዘለቁ በኋላ ጉዞው ከሽፎ በ1882 ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ለሁለተኛ ጊዜ በታጁራ በኩል ተጉዘው እንጦጦ ደረሱ፤ ይሁን እንጂ ንጉሥ ምኒልክ ወደ ፊት እንዳይቀጥሉ ስለ ከለከሉ ጉዞው ዳግመኛ ሳይሳካ ቀረ። መንገዱ በተዘጋባቸው በእነዚያ ዓመታት ኦነሲሞስ በባሕሩ ዳር ተቀምጠው መጽሐፍ ወደ መተርጎም ፊታቸውን አዞሩ።

በትርጉም ሥራው ላይ አንድ ከባድ እንቅፋት ገጠማቸው። ከአገራቸው የወጡት በሕፃንነታቸው በመሆኑ የአፋን ኦሮሞ የቃላት ሀብታቸው የሚፈልጉትን ያህል አልነበረም። ይህንን ጉድለት የሞላችላቸው አስቴር ጋኖ ናት። አስቴርም እንደ እርሳቸው በባርነት ተሸጣ ወደ ዓረብ አገር በመርከብ ስትወሰድ በጣሊያኖች እጅ ነፃ የወጣችና በእምኩሉ የተማረች ወጣት ነበረች። ቃላትን፣ ተረቶችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች። በ1893 አዲስ ኪዳን በእምኩሉ ታተመ፤ በ1894 ሁለቱ አብረው ያዘጋጁት የንባብ መማሪያ ወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና ለኅትመት በቃ።

እነዚህ መጻሕፍት ሁሉ የታተሙት በኢትዮጵያ ፊደል ነበር። በዚህ ፊደል ለተጻፈው አፋን ኦሮሞ አማርኛ የማያውቀው አንድ ድምፅ የራሱ ምልክት አስፈልጎታል፤ እርሱም ከ«ደ» ተወልዶ «ዸ» የሆነው ነው። በአንጻሩ የድምፅ መጥበቅና የአናባቢ መርዘም መለያ ምልክት አላገኙም። በመሆኑም ክፉ የሚል ትርጉም ያለው ቃልና ደጋ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ሁለቱም «በዳ» ተብለው ይጻፋሉ፤ የሚለያያቸው የአንባቢው ጆሮ ብቻ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው አንድ ምልክት በፊደል ገበታ ላይ መግባቱ ወይም መቅረቱ የሰው ውሳኔ ነው፤ የውሳኔውም ውጤት ከወሳኙ ዕድሜ በላይ ይኖራል።

ኦነሲሞስ በ1904 ወለጋ ገብተው በነቀምት ማስተማር ጀመሩ። ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳም በመልካም ተቀበሏቸው። ነገር ግን የአካባቢው ካህናት ስለ ከሰሷቸው በ1906 ከአገር እንዲወጡ በአቡነ ማቴዎስ ተወሰነባቸው፤ ዐፄ ምኒልክ ውሳኔውን ሽረው፣ እንዳይሰብኩ በመከልከል፣ ወደ ነቀምት እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው። የስብከቱ ፈቃድ የተሰጣቸው በ1916 በልጅ ኢያሱ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት አገልግለው በሰኔ ወር 1931 ነቀምት ላይ ዐረፉ።

ኦነሲሞስ ከሞቱ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጀ። በዚህ ቋንቋ መደበኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲታይፕ በሚል ስም የተሰበሰቡ አነስተኛ ፈንክሽኖች አሉ። ኢዝአልፋ የተባለው አንድ ምልክት ፊደል መሆኑን፣ ኢዝዲጂት አኃዝ መሆኑን፣ ኢዝፐንክት ሥርዓተ ነጥብ መሆኑን ይመረምራል። ቱአፐር ትንሹን የላቲን ፊደል ወደ ትልቁ፣ ቱሎወር ደግሞ ትልቁን ወደ ትንሹ ይለውጣሉ። ሥራቸው ዘወትር የሚከናወነው እያንዳንዱ ቁጥር በምን መደብ እንዳለ የሚያሳይ ሰንጠረዥ በመመልከት ነው። በአስኪ ኮድ ትልቁ «ኤ» 65፣ ትንሹ 97 በመሆኑ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 32 ነው። ፕሮግራሙ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ሰንጠረዡ በፊደልነት የሚያውቃቸው ሃያ ስድስቱን የላቲን ፊደላት በትልቅና በትንሽ መልካቸው ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ውስጥ በ1999 ሲገባ «ዸ»ም ከነቤተ ሰቡ ቦታ አገኘ። የ«ደ» ቁጥር 4848፣ የ«ዸ» ቁጥር 4856 ነው። በዋናዎቹ መደዳዎች እያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ስለ ተመደበለት ቁጥሩን ለስምንት አካፍሎ ቀሪውን በመመልከት ፊደሉ ግዕዝ፣ ካዕብ ወይም ሣልስ መሆኑን ማወቅ ይቻላል። ነገር ግን «ዸ» በዩቲኤፍ 8 ሲቀመጥ 225፣ 139 እና 184 የሆኑ ሦስት ባይቶች ስለሚሆን፣ ባይት በባይት የሚመረምረው ኢዝአልፋ ሦስቱንም ፊደል አይደሉም ይላል። ከዚህም በላይ የባይቱ ቁጥር አሉታዊ ሆኖ ከተላለፈለት ውጤቱ ምን እንደሚሆን ቋንቋው ዋስትና አይሰጥም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም። ፈንክሽኑን ትቶ በራሱ እጅ 32 የሚቀንስ ፕሮግራም አዘጋጅ «ደ»ን ወደ «ዐ»፣ «ዸ»ን ወደ «ዘ» ይለውጣቸዋል።

አፋን ኦሮሞ ከ1991 ወዲህ በቁቤ ሲጻፍ የመጥበቅና የመርዘም ችግር ፊደልን በመድገም ተፈትቷል። ሆኖም ሌላ ጉዳይ ብቅ አለ። በቁቤ ሁዻ የሚባለው፣ ከላይ የሚሰቀለው ጭረት፣ በቃል መካከል ድምፅን የሚያቋርጥ ተነባቢ ነው። የሲ ሰንጠረዥ ግን ሥርዓተ ነጥብ አድርጎ ስለ መደበው ፊደል ያልሆነውን ሁሉ የሚያስወግድ ፕሮግራም ይጥለዋል። ዛሬ ማለት የሆነው «ሀርአ» ሁዻውን ሲያጣ ሐይቅ ማለት የሆነውን «ሀረ» ይሆናል። ሐይቅ በበዛበት በዚህ ሸለቆ ስሕተቱን ለይቶ ማግኘት ቀላል አይደለም። ቃሉ የሰው ስም ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል፤ በአንድ መዝገብ ከነሁዻው፣ በሌላው ያለ ሁዻው የተጻፈ ሰው በመሣሪያው ዘንድ ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል።

መፍትሔው ከመሐንዲሱ አቅም በላይ አይደለም። ባይቶቹን በአካባቢው ሥርዓት መሠረት ወደ ሰፊ ምልክት ለውጦ ኢዝደብልዩአልፋና ቱደብልዩአፐር በተባሉት ፈንክሽኖች መጠቀም፣ በቁቤ ቃል መካከል የሚገኘውን ሁዻ በተለየ ደንብ እንደ ፊደል መቁጠር፣ አንድን ስምም ከማረም በፊት እንደ ተጻፈ ማስቀመጥ ይገባል። ከሁሉ በፊት ግን ቋንቋውን የሚናገረውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ኦነሲሞስ አፋን ኦሮሞ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሆኖ ሳለ የጎደላቸውን ከአስቴር ጋኖ መማርን አልናቁም። በሌላ አገር የተሠራ ሰንጠረዥ በእጁ ያለ ባለሙያም ከዚህ ያነሰ ትሕትና አይበቃውም።