የማግደቡርጉ ከንቲባ ኦቶ ፎን ጌሪኬና የአየር ክብደት

ላሜራ፣ መስታወትና እብነ በረድ በሚቆረጥባቸው ፋብሪካዎች ውስጥ ብዙ መቶ ኪሎ ግራም የሚመዝን ጭነት ያለ መንጠቆና ያለ ሰንሰለት፣ በጥቂት የጎማ ሳህኖች ብቻ ተይዞ ሲንጠለጠል ማየት የተለመደ ሆኗል። ይህን ሥራ የሚያከናውነው መሣሪያ የቫኪዩም ጭነት ማንሻ ይባላል። ብዙ ሰዎች መሣሪያው ጭነቱን ስቦ የሚይዘው ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ቫኪዩም ባዶነት ነው፤ ባዶነት ደግሞ የሚስብበት ኃይል የለውም። ጭነቱን ከታች ወደ ላይ ገፍቶ ከጎማው ጋር የሚያጣብቀው በዙሪያው ያለው አየር ነው። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ኃይሉ ከመሣሪያው የሚመነጭ የሚመስለው ሠራተኛ፣ ፓምፑ እስከጮኸ ድረስ ጭነቱ አይወድቅም ብሎ ከሥሩ ያልፋል። ይህን እውነት በገሃድ ሙከራ ካሳዩት ሰዎች ሁሉ የላቀውን ስም ያተረፈው ጀርመናዊው ኦቶ ፎን ጌሪኬ ነው። የሕይወቱ ታሪክም ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ለሙያው ሰዎች የሚያስተምረው ብዙ ነገር አለው።

ጌሪኬ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1602 ዓ.ም. በኤልበ ወንዝ ዳር በምትገኘው በማግደቡርግ ከተማ ከታወቀ ቤተሰብ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በላይፕሲግ፣ በሄልምሽቴትና በየና ዩኒቨርሲቲዎች ከተማረ በኋላ በ1623 ወደ ሆላንድ ተሻግሮ በላይደን ከሕግ ትምህርቱ ጎን ለጎን ሒሳብንና የምሽግ ምሕንድስናን አጠና። በ1626 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ትዳር መሠረተ፤ የከተማው ምክር ቤት አባልም ሆነ።

በዚያን ጊዜ ጀርመንን የሠላሳው ዓመት ጦርነት ያምሳት ነበር። በግንቦት 1631 በቲሊ የሚመራው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ማግደቡርግን ሰብሮ ገባ። ከተማይቱ ተቃጠለች፤ ሃያ ሺህ ያህል ሕዝብም አለቀ። ጌሪኬ ንብረቱን በሙሉ አጥቶ ከተማረከ በኋላ የቤዛ ገንዘብ ተከፍሎለት ተለቀቀ። ለጥቂት ጊዜ በኤርፉርት ለስዊድን ጦር በመሐንዲስነት ካገለገለ በኋላ ወደ ፈረሰችው ከተማ ተመልሶ በመልሶ ግንባታዋ ሥራ ተሰማራ። በ1646 ከከተማይቱ ከንቲባዎች አንዱ ሆኖ ተመረጠ፤ ስለ ማግደቡርግ መብት ለመከራከርም ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ሲመላለስ ብዙ ዓመታት አሳለፈ። የሳይንስ ሥራውን የሠራው ከዚህ ከባድ ኃላፊነት በተረፈችው ጊዜ ነው።

የዘመኑን ሊቃውንት ይከፋፍል የነበረው ጥያቄ ባዶ ቦታ ሊኖር ይችላልን የሚለው ነበር። የአርስጣጣሊስ ተከታዮች ተፈጥሮ ባዶነትን ትጸየፋለችና ሊኖር አይችልም ይሉ ነበር። ጌሪኬ ክርክሩ በቃል እንደማይፈታ ተረድቶ ወደ መሣሪያ ዞረ። መጀመሪያ አንድ የእንጨት በርሜል በውሃ ሞልቶ ስንጥቆቹን ሁሉ ከደፈነ በኋላ ውሃውን በናስ ፓምፕ ከሥር አስወጣ። ውሃው ሲጎድል ግን አየር በጣውላዎቹ መካከል እየሰረሰረ ሲገባ ድምፁ ይሰማ ጀመር። ትንሹን በርሜል ውሃ በሞላበት ትልቅ በርሜል ውስጥ አስገብቶ ቢሞክርም እንደ ወፍ ጫጫታ ያለ ድምፅ ሰማ፤ በርሜሉም ሲከፈት ውሃና አየር በእንጨቱ ውስጥ አልፈው መግባታቸው ታወቀ።

ይህ ውድቀት ዛሬ ለጭነት ማንሻ ኦፕሬተር የመጀመሪያው ትምህርት ነው። የላይኛው ገጹ የተዘጋ የሚመስል ነገር ሁሉ አየር አያሳልፍም ማለት አይደለም። እንጨት፣ ሲሚንቶና አንዳንድ ድንጋይ አየር ያሳልፋሉ። እንደዚህ ያለ ጭነት የሚነሳው አየሩን ያለማቋረጥ ለማስወጣት አቅም ባለው ፓምፕ ብቻ ነው፤ ለለስላሳ ብረት ወይም ለመስታወት የተሠራው መሣሪያ ጭነቱን ለጥቂት ሰከንዶች ይዞ ሊለቀው ይችላል።

ጌሪኬ እንጨቱን ትቶ የመዳብ ሉል አሠራ። ሁለት ብርቱ ሰዎች ፒስተኑን በጭንቅ እየሳቡ አየሩ ሊያልቅ ሲል ሉሉ በታላቅ ፍንዳታ እንደ ጨርቅ ተጨማደደ። ተመልካቾቹ ደነገጡ፤ ጌሪኬ ግን ምክንያቱን ከአሠራሩ ፈለገ። ሉሉ በትክክል ክብ ስላልነበረ የውጭው አየር ጫና በደካማው በኩል አሸንፎት ነበር። ይበልጥ ክብ ሆኖ የተሠራው ሁለተኛው ሉል ጫናውን ቻለ። በዛሬው ሥራም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ስስ ላሜራ መካከሉ ብቻ ሲያዝ ጫፎቹ ይጎብጣሉ፤ ጉብጠቱ የጎማውን ከንፈር ካላቀቀው አየር ይገባል፤ ጭነቱም ይወድቃል። ስለሆነም ሰፊና ስስ ነገር በአንድ ትልቅ ሳህን ሳይሆን በርዝመቱና በወርዱ በተከፋፈሉ ብዙ ሳህኖች መያዝ አለበት።

ጌሪኬ ፓምፑን እያሻሻለ ሄደ። የፒስተኑና የቫልቮቹ መጋጠሚያ አየር እንዳያስገባ በውሃ ሸፈነው። በ1654 በሬገንስቡርግ በተደረገው ጉባኤ ሙከራዎቹን ለንጉሠ ነገሥት ፈርዲናንድ ሦስተኛና ለመሳፍንቱ አሳየ። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ከአሥር ዓመት ያህል በፊት በሜርኩሪ ቱቦ ስላደረገው ሙከራ የሰማውም በዚሁ ጉባኤ ላይ ነበር። የማይንዝ ሊቀ ጳጳስ መሣሪያውን ገዝተው ወደ ቩርትስቡርግ ላኩት። በዚያ የነበረው መምህር ካስፓር ሾት በ1657 ስለዚሁ ሥራ ጽፎ ባሳተመው መጽሐፍ ምክንያት እንግሊዛዊው ሮበርት ቦይል በሮበርት ሁክ ረዳትነት የራሱን የአየር ፓምፕ ሠራ።

የጌሪኬን ስም ከሁሉ በላይ ያስጠራው የሁለቱ ግማሽ ሉሎች ሙከራ ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሁለት የመዳብ ግማሽ ሉሎች ተገጣጥመው በመካከላቸው በሰምና በተርፔንታይን የተነከረ የቆዳ ቀለበት ተደረገ፤ ይህ ቀለበት ዛሬ ጓርኒሲዮን የሚባለው ነው። አየሩ ከወጣ በኋላ በ1657 በማግደቡርግ በአንዱ ወገን ስምንት፣ በሌላው ወገን ስምንት ፈረሶች ተጠምደው ሳቡ። አንዳንድ ጊዜ ሊያላቅቋቸው አልቻሉም፤ ሲላቀቁም እንደ መድፍ ያለ ድምፅ ይሰማ ነበር። በ1663 ሙከራው በበርሊን በመስፍኑ በፍሪድሪሽ ቪልሄልም ፊት ተደገመ።

ይህ ምትሐት የሚመስል ትርኢት በቀላል ስሌት ይገለጻል። 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ 0.196 ካሬ ሜትር ነው። በባሕር ወለል ከፍታ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ በ101 ኪሎ ኒውተን ኃይል ይጫናል። ስለዚህ አየሩ በሙሉ ቢወጣ ግማሽ ሉሎቹን የሚያጣብቀው ኃይል 20 ኪሎ ኒውተን፣ ይኸውም የሁለት ቶን ክብደት ያህል ነው። አሥራ ስድስቱ ፈረሶችም በእውነቱ የስምንት ፈረሶችን ያህል ብቻ ነበር የሳቡት፤ አንደኛው ወገን በጠንካራ ግድግዳ ላይ ቢታሰር ውጤቱ አንድ ይሆን ነበር።

ከፈረሶቹ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የመጨረሻው ድርጊት ነው። ፈረሶች ያልለያዩአቸውን ግማሽ ሉሎች አንድ ሰው መክፈቻውን አዙሮ አየር ሲያስገባ በእጁ ይለያያቸዋል። ታላቁ ኃይል በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ይጠፋል። ለዚህ ነው የጭነት ማንሻ የመልቀቂያ ቫልቭ በአንድ የስሕተት ንክኪ የማይከፈት፣ ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን የሚጠይቅ ሆኖ መሠራት ያለበት። በጎማው ከንፈር ላይ ያለች ስንጥቅ፣ የተበሳ ቱቦ፣ በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያም ቢሆን ያንኑ ያደርጋል። ጎማው በፀሐይና በሙቀት ይደርቃል፤ በላሜራ ጠርዝ ይቆረጣል። ስለዚህ በየፈረቃው መጀመሪያ ከንፈሩን በእጅ መዳሰስ፣ የጭነቱንም ገጽ ከአቧራ፣ ከዘይትና ከውሃ ማጽዳት ያስፈልጋል። ዘይት ይበልጥ የሚያሰጋው ጭነቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው፤ በዚያን ጊዜ አየሩ ወደ ጎን ስለሚገፋ ጭነቱን ከመንሸራተት የሚያግደው ሰበቃ ብቻ ነውና።

ጌሪኬ በዚህ ኃይል ሸክም ማንሳት እንደሚቻልም አሳይቷል። የተጣበቁትን ግማሽ ሉሎች አንጠልጥሎ ከታች ክብደት ጫነባቸው። በሌላ ሙከራ ፒስተን ያለበትን ሲሊንደር አየሩ ከወጣለት ሉል ጋር ሲያገናኝ፣ የፒስተኑን ገመድ የያዙ እስከ 50 የሚደርሱ ሰዎች ተስበው ሄዱ። አየሩ የወጣለት ይህ ሉል ዛሬ በጭነት ማንሻዎች ላይ ያለው የቫኪዩም ማጠራቀሚያ ታንክ ቀዳሚ ነው። መብራት ቢቋረጥ ወይም ፓምፑ ቢቆም፣ አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭና ይህ ታንክ ጭነቱ ወደ መሬት እስኪወርድ ድረስ ጊዜ ይሰጣሉ። ቫልቩ ደኅና መሆኑ የሚታወቀው በመፈተን ብቻ ነው። ጭነቱ ከመሬት በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ፓምፑ ይጠፋል፤ የጌጁ መርፌ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚወርድ በሰዓት ይለካል።

በማግደቡርግ መኖሪያ ቤቱ ጌሪኬ በውሃ የሚሠራ ረጅም የአየር ጫና መለኪያ አቁሞ ነበር። በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ትንሽ የእንጨት ምስል ከፍና ዝቅ እያለ የአየሩን ለውጥ ያመለክት ነበር፤ በ1660 ምስሉ እጅግ ዝቅ ማለቱን አይቶ ማዕበል እንደሚመጣ አስቀድሞ ተናገረ፤ ማዕበሉም መጣ። የአየር ክብደት ሁልጊዜ አንድ አለመሆኑን በዚህ ተረዳ። ከዚያ ቀደም በ1648 በፈረንሳይ ፓስካል ባቀደው ሙከራ ወደ ፒዩ ደ ዶም ተራራ በተወጣ ጊዜ ሜርኩሪው ዝቅ ብሎ፣ አየር በከፍታ ላይ እንደሚቀል ተረጋግጦ ነበር።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ መሐንዲሶች የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በአዲስ አበባ የአየር ጫና 76 ኪሎ ፓስካል ያህል፣ ማለት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። የጌሪኬ ግማሽ ሉሎች በዚህ ቢሞከሩ የሚያጣብቃቸው ኃይል ከ20 ወደ 15 ኪሎ ኒውተን ይወርዳል። ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ የጎማ ሳህን እንውሰድ። በባሕር ወለል 60 በመቶ የሚሆነው አየር ቢወጣና የአውሮፓ ደንብ እንደሚጠይቀው ኃይሉ ከጭነቱ 2 እጥፍ እንዲሆን ቢደረግ፣ ሳህኑ 380 ኪሎ ግራም ያህል ሊያነሳ ይፈቀድለታል። በአዲስ አበባ ያው ፓምፕ ያንኑ 60 በመቶ ቢያወጣ የሚፈቀደው 290 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም በመሣሪያው ላይ የተጻፈው የክብደት ልክ ለየትኛው ከፍታ እንደተሰላ ሳይጠየቅ መታመን የለበትም። ጌጁ በመቶኛ የተከፋፈለ ከሆነ ልዩነቱን ይሸሽጋል፤ በኪሎ ፓስካል የሚያነብና ጫናው ከልኩ ሲጎድል ደወል የሚያሰማ መሣሪያ ግን እውነቱን ይናገራል።

ጌሪኬ በ1666 ከንጉሠ ነገሥት ሊዮፖልድ ቀዳማዊ የመኳንንት ማዕረግ ተቀበለ። ሙከራዎቹን በዝርዝር የገለጸበት የላቲን መጽሐፉ በ1672 በአምስተርዳም ታተመ። የተሳኩለትን ብቻ ሳይሆን አየር ያስገባውን በርሜልና የተጨማደደውን ሉልም በመጽሐፉ መዝግቧል። በእርጅናው ዘመን በማግደቡርግ ወረርሽኝ በመግባቱ በ1681 በሃምቡርግ ወደሚኖረው ልጁ ሄደ፤ በ1686ም በዚያው አረፈ። የመጀመሪያዎቹ ግማሽ ሉሎች በሙኒክ በሚገኘው የጀርመን ሙዚየም ተጠብቀው ይገኛሉ፤ የማግደቡርግ ዩኒቨርሲቲም በስሙ ይጠራል።

ከተማው በአንድ ቀን ስትጠፋ ያየው ይህ ሰው ጠንካራ የሚመስለው ነገር ሁሉ በአንድ ደካማ ስፍራ እንደሚሸነፍ በሥራውም በኑሮውም ያውቅ ነበር። ፍንጣቂ ድምፅ ሲሰማ ሥራውን አቁሞ ምክንያቱን ይፈልግ ነበር እንጂ ፓምፑን አያፋጥንም ነበር። የቫኪዩም ጭነት ማንሻ በኃላፊነቱ ሥር ያለ መሐንዲስም ከእርሱ የሚወርሰው ይህንኑ ልማድ ነው። ጭነቱን የያዘው አየር መሆኑን ለሠራተኞቹ ያስረዳ፤ የሚያፏጭ ጎማ ሲሰማ ጭነቱን ያስወርድ፤ ጌጁ ምንም ያሳይ ምን፣ ከተንጠለጠለ ጭነት ሥር ማንም ሰው እንዳያልፍ ይከልክል።