የእንዶዱ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ

እዚህ ቤርሼቫ ማጠቢያ ማሽኑ ሥራውን ቢያቀልልንም፣ ወንዝ ወርዶ ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ያጠበ ሰው አረፋውን አይረሳም። ዛሬ የምናስታውሳቸው የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክም ከዚያው አረፋ ይጀምራል።

ዶክተር አክሊሉ በ1935 ተወለዱ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የዶክትሬት ትምህርታቸውን አሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ያጠኑ ነበር። የዚህ በሽታ ትል ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ፣ ወንዝ የገባን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ውሎ አድሮ አንጀትና ጉበት ይጎዳል። ወደ እስራኤል ስንመጣ ስሙን ከሐኪም የሰማን ብዙዎች ነን።

ወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ዶክተር አክሊሉ ከሴቶቹ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን ሴቶቹን ጠየቁ፣ መረመሩ፤ ገዳዩ እንዶዱ መሆኑንም አረጋገጡ።

ከውጭ የሚመጣው ኬሚካል ለድሃ አገር የማይቀመስ ነበር፤ እንዶድ ግን ከጓሮ ይለቀማል። አድዋ ላይ ለ5 ዓመት በተደረገ ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ካሉ ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አልሆነም። ዓለም አቀፍ ተቋማት በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተገኘውን ውጤት በቀላሉ አላመኑም፤ የእንዶድ ደኅንነት በምዕራባውያን ላቦራቶሪዎች እንደገና ይመርመር አሉ። በዚህ መሐል ዓመታት አለፉ፤ ሕፃናትም ወንዝ መግባታቸውን አልተዉም። ዶክተር አክሊሉ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ የአፍሪካ ሳይንቲስቶች በአገራቸው ችግር ላይ በአገራቸው እንዲመራመሩ እስከ መጨረሻው ተሟገቱ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር፣ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የስዊድኑን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ሳይንስና ምሕንድስና የሚማሩ የልጅ ልጆች ያሏችሁ፣ ቡና ሲፈላ ይህን አውጓቸው። የተማረ ሰው ካልተማረ ሰው የሚማረው እንዳለ፣ የተማረውም መልሶ ለዚያው ሰው ሲጠቅም እንደሚያምር ይወቁት። የእንዶዱን አረፋም እግረ መንገዳችሁን ንገሯቸው፤ እሱን ከእናንተ በቀር የሚነግራቸው የለም።