ዮዲት የማን ናት?

እህቶቼ፣ ስሟን ያልሰማ የለም። ዮዲት፣ ጉዲት፣ እሳቶ ትባላለች። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተነሥታ አክሱምን አፈረሰች፣ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለች፣ በደብረ ዳሞ የነበሩትን የንጉሥ ዘሮች ፈጀች፣ 40 ዓመትም ገዛች እየተባለ ይተረካል።

ትውልዷ ሲነሣ ግን ክርክር ነው። በአገራችን ትውፊት ቤተ እስራኤል ናት። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ በዐረብኛ የበኑ አል ሐመዊያ ንግሥት ይላታል። ኢጣሊያዊው ኮንቲ ሮሲኒ ደግሞ ቃሉ በጽሕፈት የተበላሸ ነው፣ ዳሞት ተብሎ ይነበብ አለ። የጥንቱ ዳሞት ከአባይ በስተደቡብ ስለሆነ ሴትየዋ ወደ እኛው አቅጣጫ ቀረበች ማለት ነው!

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሦስት ስም ያለበት ደረሰኝ ቢመጣልኝ እመልሰዋለሁ። መንገሧን ግን መመለስ አይቻልም። በዚያው ዘመን የኖረው ዐረባዊው ተጓዥ ኢብን ሐውቀል፣ አንዲት ሴት የሐበሻን ንጉሥ ገድላ ወደ 30 ዓመት ገደማ መግዛቷን ጽፏል፤ ብዙ ሊቃውንትም ይህቺው ናት ይላሉ። ዛሬም ጠንከር ያለችን ሴት ጉዲት የሚሏት አሉ። 30 ዓመት አገር ሲገዛ ግን ግብር ይሰበሰባል፣ ዳኝነት ይሰጣል፣ ሠራዊት ይቀለባል። ከዚህ አንዱንም የተረከልን የለም፤ የሚወራው እሳቱ ብቻ ነው።